ዛናክስ እያቆምኩ ነው፤ ሌሊቱን እንዴት አለፋችሁት?

የአዳማ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ሳላጠፋው ልላከው።

የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ነው የምሠራው። ከአራት ዓመት በፊት እናቴ አዳማ አረፈች። ወረቀቴ ስላላለቀ ሄጄ መቅበር አልቻልኩም። ለቅሶዋን በስልክ ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ደረቴን እያፈነ የሚይዘኝ ነገር መጣ። መኪና ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ ቅዳሴ መሃል፣ የትም ይይዘኛል። ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዛናክስ የሚባል የጭንቀት ኪኒን፣ 0.5 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘልኝ። አልዋሽም፣ ያኔ ነፍሴን ነው የመለሰልኝ። "ለጥቂት ጊዜ ነው" ተባልኩ። ጥቂቱ ጊዜ አራት ዓመት ሆነ። እስከ መቼ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጥር ላይ ሐኪሜ ጡረታ ወጣ። አዲሱ ክሊኒክ "እኛ ይህን መድኃኒት አናዝም" አለኝ። እጄ ላይ የዘጠኝ ቀን ኪኒን ነበረኝ። እልህ ያዘኝና በዚያው ቀን አቆምኩት። በማግስቱ እንቅልፍ ጠፋ። ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ በላብ እሆን ጀመር። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ጭንቅላቴን ይመታኛል። በሦስተኛው ቀን ማታ ኩሽና ውስጥ ወደቅኩ። ምንም አላስታውስም። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። 911 የደወለችው እሷ ናት።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ "መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ በማቆምሽ ነው ያንዘፈዘፈሽ" አሉኝ። መልሰው አስጀመሩኝ። አሁን ሌላ ሐኪም አግኝቻለሁ፣ ቀስ አድርጋ እየቀነሰችልኝ ነው። ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ከ1.5 ወደ 1.25 ወርጃለሁ። መኪና መንዳት ለጊዜው ተከልክያለሁ።

ሥራ በሌለኝ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያቃተኝ። ቆዳዬ ይለበልበኛል። ጆሮዬ ይጮኻል። ቤቴ የሰው ቤት ይመስለኛል። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን "ኪኒን እኮ ናት፣ ጠንከር በይ" ይለኛል። ለዘመድ ብናገር "ሱሰኛ ሆነች" ወይም "አእምሮዋ ተነካ" መባሌ ነው። ይህን መንገድ የሄደ ሐበሻ አለ?

---

ሌሊት ነጂ (ዋሽንግተን ዲሲ)

እህቴ፣ አለሁ።

የዛናክስን ዘመድ፣ ክሎናዜፓምን፣ በቀን 2 ሚሊግራም ስድስት ዓመት ሙሉ ወስጃለሁ። ለማቆም 16 ወር ፈጀብኝ። ካቆምኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የጻፍሽውን ሳነብ ሰውነቴ አስታወሰው።

መጀመሪያ ያቺን "ሱሰኛ" የምትል ቃል ከራስሽ ላይ አውርጂ። የታዘዘልሽን፣ በታዘዘልሽ ልክ ወስደሻል። ሰውነትሽ ለመደው። የለመደ ሰውነት ሲነጠቅ ይታመማል። ሱስ የያዘው ሰውም ቢሆን ስድብ አይገባውም፣ እሱም ሕመምተኛ ነው። ያንቺ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ሐኪም ለእኔ ለሹፌሩ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አንጎል የራሱ ፍሬን አለው። ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። እነዚህ ኪኒኖች ያንን ፍሬን ያጠብቁታል። ወራትና ዓመታት ሲያልፉ አንጎል "ከውጭ የሚያግዘኝ አለ" ብሎ የራሱን ያላላል። ኪኒኑን በአንድ ጊዜ ስታነሺው ያለ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ትቀሪያለሽ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይገባዋል። ያንን መንገድ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብለሽ ነው የምትወርጂው። የቸኮለ ገደል ገብቷል። ኩሽና ውስጥ የወደቅሽው ደካማ ስለሆንሽ እንዳይመስልሽ።

ወደ ሌሊቱ ልምጣ። እኔም የምነቃው 9 ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱን ከመኝታ ቤት አወጣሁት። ስልኬንም ሳሎን አሳድረው ጀመር። ሰዓት ባየሁ ቁጥር ሒሳብ እሠራ ነበራ፤ "ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት፣ ነገ እንዴት እነዳለሁ?" እያልኩ። አልጋ ላይ እየተገላበጥኩ መታገሉንም ተውኩት። ተነስቼ ሳሎን እቀመጣለሁ። ሚስቴ በርሜል በምታህል ባልዲ ሙቅ ውኃ ታስቀምጥልኝ ነበር፣ እግሬን እነክራለሁ። አገር ቤት እንግዳ እግሩን የሚታጠበው ለካ በምክንያት ነው። ከዚያ መቁጠሪያዬን ይዤ፣ አንድ ፍሬ ሲያልፍ አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ። እንቅልፉ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ባይመጣም ግን ፍርሃቱ ያንሳል።

ቡናን ነገር አደራ። እኔ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም የማልተው ሰው ነበርኩ። በዚያ ወቅት አንድ ሲኒ ከሰዓት በኋላ ከጠጣሁ ሌሊቱን ሙሉ ልቤ ይሮጣል። ስለዚህ ጠዋት አንድ አቦል ብቻ። ከዚያ ጭሱና ጨዋታው ይበቃኛል ብዬ ቁጭ አልኩ። መጠጥ ደግሞ ፈጽሞ። ሰርግ ላይ "አንድ ብርሌ ጠጅ ምን ታደርግሃለች" የሚል አይጠፋም። መጠጡ ከኪኒኑ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በማግስቱ ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል።

ሌላው ደብተር ነው። ቀን፣ የወሰድኩት መጠን፣ ከዚያ አንድ ቃል ብቻ። ወይ "ክረምት" ወይ "ብራ"። ሕመሙ ቀጥ ብሎ አይቀንስም። አሥር ቀን ይዘንብብሽና ድንገት አንድ ቀን ብራ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ራስሽን ታገኚዋለሽ። ከዚያ ተመልሶ ይደምናል። ሰው የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። "ድኜ ነበር፣ ተመለሰብኝ" ይላል። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በአራተኛው ወር ብራ የወጣው ሦስት ቀን ነበር። በአሥረኛው ወር 14 ቀን።

ይህን መንገድ የሄደ ሐበሻ ስላልሽው። እዚህ በእንግሊዝኛ የሚሰበሰቡ ሰዎች አግኝቼ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ብዙ አስተምረውኛል። ግን "ሆዴን ባር ባር አለኝ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ማለት አልቻልኩም። ኋላ አንድ የወሎ ልጅ አገኘሁ፣ ከዚሁ ወገን የሆነውን ሎራዜፓም እያቆመ ነበር። ማታ ማታ ለ15 ደቂቃ እንደዋወል ጀመር። ሦስት ነገር ተስማማን። ኪኒን አንበዳደርም። አንዱ የሌላውን መጠን አይወስንም፣ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። "እኔ በዚህን ያህል ጊዜ ጨረስኩ" ብለን አንፎካከርም። አሁን ስምንት ሆነናል። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ከአንዷ ጋር አገናኝሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ልበልሽ። "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሐሳብ ከመጣ የማታውን ስልክ አትጠብቂ። አሜሪካ ውስጥ 988 ደውዪ። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። እኔ አንድ ሌሊት ደውያለሁ።

---

ፋርማሲስቷ (አዲስ አበባ)

ሌሊት ነጂ ብዙውን ተናግሮታል። የሙያዬን ትንሽ ልጨምር።

ዛናክስ፣ በሳይንስ ስሙ አልፕራዞላም፣ ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ ነው። ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሳታቆሚውም ገና የሚቀጥለው ኪኒን ሰዓት ሳይደርስ መንቀጥቀጥ ሊጀምርሽ ይችላል። 9 ሰዓት ላይ የምትነቂው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ከዚሁ ወገን የሆነው ዳያዜፓም ደግሞ ቀናት ይቆያል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች ሰውን ቀስ በቀስ ወደ ዳያዜፓም አዙረው ከዚያ የሚቀንሱት። በዚህ መንገድ የታወቁት እንግሊዛዊቷ ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ናቸው። ኒውካስል ከተማ ውስጥ ከ1982 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ብቻ ክሊኒክ ከፍተው ሕመምተኞችን አይተዋል። በእሳቸው ስሌት 0.5 ሚሊግራም አልፕራዞላም ከ10 ሚሊግራም ዳያዜፓም ጋር ይመጣጠናል። ያንቺ 1.5 ማለት የ30 ሚሊግራም ዳያዜፓም ያህል ነበር። ትንሽ የምትመስል ኪኒን ናት፤ ትንሽ ግን አይደለችም። ባለቤትሽ ይህን ቁጥር ቢያይ ደስ ይለኛል።

መቀየሩ ለሁሉም አይሆንም። ሐኪምሽን ጠይቂ እንጂ ከዚህ አንብበሽ እንዳትሞክሪው።

የፍጥነቱን ነገር ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ማኅበራት በጋራ ያወጡት መመሪያ አለ። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስን እንደ መነሻ ያስቀምጣል። በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መቀነስ የለበትም ይላል። ሐኪምሽ እየሄደችበት ያለው መንገድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2020 እ.ኤ.አ. እነዚህ መድኃኒቶች በሙሉ ስለ መላመድና በድንገት ስለ ማቆም አደጋ በሣጥን መስመር የተከበበ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ መግለጫቸው ላይ እንዲጻፍ አዟል። "ይህን አናዝም" ብሎ ሰውን በዘጠኝ ቀን ኪኒን መሸኘት ሕክምና አይደለም። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል።

እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ አንቲባዮቲክ የሚያዝልሽ ሰው ካለ ይህን መድኃኒት እየቀነስሽ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪ። ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። አገር ቤት ሲፕሮ እንደ ከረሜላ ስለሚገዛ ነው የማነሣው።

የእኛም ከተማ ችግሩ አለበት። ጫት ቅመው እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ልጆች "ዳያዜፓም አምስት ፍሬ ብቻ" ብለው መስኮት ላይ ይቆማሉ። ያለ ማዘዣ አልሸጥም ስል ይቆጡኛል። ቀጥሎ ያለው ቤት ይሸጥላቸው ይሆናል።

---

ወለተ ማርያም

እህቴ አይዞሽ። ኪኒን የፈረንጅ ነገር ነው፣ ማለቂያ የለውም። ሁሉንም ጣይውና ጸበል ግቢ። እግዚአብሔር አይሳነውም። የአክስቴ ልጅ ሁሉን ጥላ ድናለች።

---

ዲያቆኑ (አዲስ አበባ)

እህታችን ወለተ ማርያም፣ ለበጎ እንደጻፍሽ አውቃለሁ። እግዚአብሔር እንደማይሳነውም አምናለሁ። ግን ዝም ማለት አልችልም።

ጸበል ቦታ ለዓመታት አገልግያለሁ። መድኃኒታቸውን ደጅ ላይ ጥለው የገቡ ሰዎች በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሲወድቁ አይቻለሁ። ሰው "ለፈለፈ፣ መንፈሱ ተገለጠ" ይላል። አንዲት ልጅ ጸበሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰነጠቀ። እናቷ ከዚያ በኋላ ነው ስድስት ዓመት የወሰደችውን ኪኒን ከነዕቃው አውጥታ ያሳየችኝ። ተሸክመናት ሐኪም ቤት ሄድን። ኪኒኑን መልሰው ሲሰጧት ተረጋጋች። ያን ቀን ያየሁት ጋኔን አልነበረም።

ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በአደባባይ ተናግረዋል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ለዚህም መድኃኒት ያው ነው። ጸበል ግቢ፣ ኪኒንሽንም ይዘሽ ግቢ።

የአዳማ ልጅ፣ አሁን ዐቢይ ጾም ነው። እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ብለሽ የጠዋቱን ኪኒን እንዳታሳልፊ። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። ለታመመ ሥርዓት አለው።

---

ወለተ ማርያም

አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ እህቴ። የአክስቴን ልጅ ዛሬ ደውዬ ጠየቅኳት። ለካ የወሰደችው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ያንቺ አራት ዓመት ነው። የጻፍኩትን አላጠፋውም፣ እንደኔ የሚያስብ ሰው መልሱንም ያንብብ።

---

ስደተኛዋ (ሻርጃ)

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አገር ቤት ሳለሁ ማታ ማታ ዳያዜፓም እወስድ ነበር። ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ልከት ስል አንዲት እዚህ የኖረች ልጅ አስጣለችኝ። ለምትመጡ እህቶች ስል ነው የምጽፈው። ኤምሬትስ ውስጥ ይህ መድኃኒት ቁጥጥር ያለበት ነው። የሐኪም ማዘዣና አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ከሌለ ኤርፖርት ላይ ያስይዛል፣ እስር አለው። "የእንቅልፍ ኪኒን ብቻ ነው" ማለት አያድንም። ጎረቤት "ለእህቴ አድርሺልኝ" ብሎ የሚሰጣችሁንም ኪኒን አትቀበሉ።

ግን ኪኒኑን በአንዴ ጥሎ መምጣትም ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ሦስት ሳምንት አልተኛሁም። እመቤቲቱ ሰነፍ አለችኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ከዚህ ማንበቤ ነው። ከመምጣታችሁ ከወራት በፊት ሐኪም ጋ ሂዳችሁ ቀስ ብላችሁ ጨርሱት።

---

የእማዬ ልጅ (ሐዋሳ)

ጥያቄ አለኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ዳያዜፓም 5 ሚሊግራም ማታ ማታ ለዘጠኝ ዓመት ወስዳለች። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ወድቃለች። መርሳትም ጀምራለች። ኪኒኑን ደብቄ ሌላ ነገር ልስጣት? እንዳታውቅ አድርጌ።

---

ፋርማሲስቷ

አይሆንም፣ እባክህ እንዳትደብቅባት። በዚያ ዕድሜ በድንገት ማቆም ከመውደቁ የባሰ ሊያመጣ ይችላል። ያየኸው ነገር ግን እውነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ መድኃኒቱ ከሰውነት ለመውጣት በጣም ይዘገያል። የማታው ኪኒን ጠዋትም አለ። መውደቅና መርሳት ከእሱ ሊመጣ ይችላል።

ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ የዘጠኝ ዓመቱን ታሪክ ንገር። ባለ 2 ሚሊግራም ፍሬ ካገኘህ በትንሽ በትንሹ ለመቀነስ ይቀላል። ለእናትህ ደግሞ ንገራት። "እማዬ፣ ይህን ነገር ቀስ ብለን እንቀንሰው" በላት። ልጅ ደብቆ ያታለላት እናት ሁለተኛ ኪኒን አምና አትውጥም።

---

የአዳማ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

1.125 ላይ ነኝ። ይህኛው ቅነሳ ከበደኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት አልጨርሰውም ብዬ ነበር። ሐኪሜ "እዚሁ እንቆይ፣ አንቸኩልም" አለችኝ። እዚሁ ነኝ። የኪኒኑን ሰዓትም አስተካከለችልኝ፣ የማታውን ወደ መኝታ አስጠጋችው። አሁን 11 ሰዓት አካባቢ ነው የምነቃው።

ሌሊት ነጂ ካገናኘኝ እህት ጋ ማታ ማታ እንደዋወላለን። ስሟን አልጽፍም። ሚኒሶታ ናት። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላወራንም ማለት ይቻላል። "ቆዳሽ ይለበልብሻል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እኔንም" አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ባለጌ ለቅሶ፣ እናቴ የሞተች ቀን ያላለቀስኩት።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አነበበው። እኔ አልሰጠሁትም፣ ስልኬ ተከፍቶ ነው ያገኘው። የ30 ሚሊግራሙን ቁጥር አንብቦ ዝም አለ። ማታ ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውኃ ይዞ መጣ። ምንም አላለም፣ እግሬን አጠበኝ።

ደብተሩን የያዘችው ልጄ ናት። ጠዋት ጠዋት "ማሚ፣ ዛሬ ምንድን ነው?" ትለኛለች። እስካሁን ብራ የጻፈችው አምስት ቀን ነው። በቢጫ እርሳስ ታቀልመዋለች።

---

አዲስ ገባ

ሰላም። ሁሉንም አነበብኩ። ሎራዜፓም ሁለት ዓመት ወስጃለሁ። ዛሬ ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሁት። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ ነው። የነቃ ሰው አለ?

---

የአዳማ ልጅ

አለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በድንገት ማቆም የለብህም። እኔ የወደቅኩት እንደዚህ ነው። እስኪነጋ አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ስንት ሚሊግራም ትወስድ እንደነበርና መቼ እንዳቆምክ ንገራቸው። ራስህ እንዳትነዳ። ቤት ውስጥ አብሮህ ያለ ሰው አለ? ቀስቅሰው። የት ከተማ እንደሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እስክትደርስ እዚሁ ነኝ።